ሲጠየቅ የሚያውቅ፣ ሲፈተን የሚወድቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ15 ዓመት ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብቷል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን ለጥቂት አለፈ፤ የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቱ ግን ከአንድ ሁለት ትምህርት በቀር ከ50 በታች ነው። በቃል ስጠይቀው ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም ይመልስልኛል፤ ወረቀት ላይ ግን የለም። ሲያነብ በጣም ይዘገያል፣ ቃላት ይዘላል፣ ራሴን አመመኝ ይላል። የክፍል ኃላፊው መምህር ‹ልዩ ትምህርት ቤት ቢገባ ይሻላል፤ ካልሆነም ክፍሉን ይድገም› አሉኝ። አባቱ ስንፍና ነው ይላል፤ እህቴ ጸበል ውሰጅው ትለኛለች። እኔ ደግሞ ተበድሬም ቢሆን የግል ትምህርት ቤት ላስገባው እያሰብኩ ነው። የትኛው ይሻላል?»

መልስ፦ ልጁን ከትምህርት ቤቱ አያስወጡት፤ ክፍሉንም በፈቃድዎ አያስደግሙት። ይህን በመጀመሪያው መስመር ያሰፈርኩት፣ እንዲህ ያለው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በሴሚስተር ዕረፍት፣ ሪፖርት ካርድ በፈጠረው ድንጋጤ ውስጥ በመሆኑና መሸኛ አንዴ ከወጣ በኋላ መመለሱ አስቸጋሪ ስለሚሆን ነው። የግል ትምህርት ቤቱንም ብድር ለጊዜው ያቆዩት፤ ችግሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚከፈል ገንዘብ ልጁን ከማያውቁት መምህራን ወደ ሌሎች የማያውቁት መምህራን ከማዛወር የዘለለ ነገር አያደርግም።

ከውጤቱ ይልቅ እኔ ክብደት የምሰጠው «በቃል ስጠይቀው ይመልስልኛል፤ ወረቀት ላይ ግን የለም» ላሉት ነው። ትምህርቱ ያልገባው ልጅ በቃልም አይመልስም። ያላጠናም እንደዚሁ ነው፤ ስለዚህ የአባቱ ግምት ከዚህ ጋር አይገጥምም። የሚያውቀውን ወረቀት ላይ ማስፈር ያቃተው ልጅ በዕውቀቱና በጽሑፉ መካከል የቆመ እንቅፋት አለበት ማለት ነው፤ ሥራችንም ያንን እንቅፋት ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ልጁ ብልህና በጨዋታም ከእኩዮቹ የማያንስ ሲሆን፣ ለዓመታት ቢማርም ማንበብ አልሆነለትም፤ ያስተማረው መምህር ግን ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ጎበዝ ይሆን እንደነበር መስክሮለታል። ዛሬ ያን ዓይነቱን ችግር ዲስሌክሲያ እንለዋለን፤ በአማርኛ የንባብ ችግር ቢባል ያስኬዳል። የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ አእምሮ የቋንቋን ድምፆች ከፊደላቱ ጋር በፍጥነትና ያለ ድካም ማገናኘት ሲያቅተው የሚታይ ነው፤ በቤተሰብም ይወርዳል። ስለዚህ አባቱን ወይም አጎቶቹን «ልጅ ሳላችሁ ንባብ ያስቸግራችሁ ነበር ወይ?» ብለው በእርጋታ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ጊዜ ልጁን ሰነፍ የሚለው አባት ራሱ በዚያው መንገድ ተገርፎ ያለፈ ሆኖ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ከአንድ ደብዳቤ ተነሥቶ ልጅዎ ዲስሌክሲያ አለበት ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። ከዚያ በፊት መጣራት ያለባቸው፣ ቀላልና ርካሽ የሆኑ ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ዓይን ነው። የራስ ምታቱን ጠቅሰዋል፤ የሩቅ ነገር አጥርቶ አለማየት ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው በጉርምስና ዕድሜ ሲሆን፣ ልጁም ራሱ ሰሌዳው ለሁሉም ሰው እንደሚደበዝዝ ያስብ ይሆናል እንጂ አይናገርም። በአካባቢዎ ጤና ጣቢያ ዓይኑን በፊደል ሰንጠረዥ ያስመርምሩት፤ ጥርጣሬ ካለ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ማስላክ ይቻላል። ሁለተኛው ጆሮ ነው። በልጅነቱ ጆሮው ይመግል ከነበረ፣ ከጀርባው ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ፣ ወይም ሁልጊዜ አንዱን ጆሮ ወደ ተናጋሪው የሚያዞር ከሆነ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በሞላ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ልጅ የአንድ ጆሮ መድከም ትንሽ ነገር አይደለም። በትምህርት መካከል ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ የሚቀርና ሲነቃ የተባለውን የማያስታውስ ከሆነም ለሐኪም ይንገሩ፤ እንዲህ ያለ የሚጥል በሽታ ዓይነት አለና። እንቅልፉን፣ ቁርሱን፣ ከክፍል ጓደኞቹ የሚደርስበት ነገር መኖር አለመኖሩንም ይጠይቁ። መነጽር የተገኘለት ልጅ እንኳ የንባብ ችግሩ አብሮ ሊኖርበት እንደሚችል ግን ይወቁ፤ ዲስሌክሲያ ከዓይን የሚመጣ አይደለም፣ ባለ ቀለም መነጽርም ሆነ የሚዋጥ ክኒን አያድነውም። ያድናል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎት ካለ ይራቁት።

በሌላ በኩል ዝቅተኛ ውጤት ሁሉ የችግር ምልክት ተደርጎ እንዳይወሰድ አሳስባለሁ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ያህል ተማሪ የመማር እክል ሊኖርበት አይችልም፤ ስለዚህ የልጅዎ ውጤት ብቻውን ስለ ልጅዎ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ስለ ትምህርት አሰጣጣችንም ይናገራልና። ለመለየት የሚረዳው የውጤቱ መጠን ሳይሆን የስህተቱ ዓይነት ነው።

ይህን እቤትዎ ሆነው በሁለት ምሽት ማየት ይችላሉ። የ6ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ፈልገው፣ ልጁ የማያስታውሰውን አንድ ገጽ ይምረጡ። ሌሎች ልጆች በሌሉበት፣ «ፈተና አይደለም፣ የት ላይ እንደሚያስቸግርህ ልየው» ብለው ድምፁን አውጥቶ እንዲያነብ ያድርጉ፤ ሲሳሳት አያርሙት። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ስለ ምንባቡ አምስት ጥያቄ ይጠይቁት። በማግስቱ ደግሞ ተመጣጣኝ ክብደት ያለው ሌላ ገጽ እርስዎ ያንብቡለትና አምስት ጥያቄ ይጠይቁት። እርስዎ ሲያነቡለት አራቱን አምስቱን መልሶ፣ ራሱ ሲያነብ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ከመለሰ፣ እንቅፋቱ ያለው ንባቡ ላይ ነው። በሁለቱም ካልመለሰ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መስማት፣ ቋንቋን መረዳት ወይም ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የተከማቸ ክፍተት ሊሆን ስለሚችል ሰፋ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። አማርኛውን ሳይዘገይና ሳይደክም አንብቦ እንግሊዝኛው ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የእንግሊዝኛ ድክመት ነው፤ እሱም ከብዙ የክፍል ጓደኞቹ ጋር የሚጋራው ነውና መፍትሔው የቋንቋ ትምህርት እንጂ ልዩ ድጋፍ አይደለም። እነዚህን ሦስቱን ማምታታት በትምህርት ቤቶቻችን የማየው ትልቁ ስህተት ነው።

አማርኛ ሲያነብ ምን ልብ ማለት እንዳለብዎት ላስረዳ፤ ስለ ዲስሌክሲያ የሚነገረው አብዛኛው ነገር የተወሰደው ከእንግሊዝኛ ስለሆነ እኛን ያሳስተናልና። «ፊደል ገልብጦ ይጽፋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ያን ያህል አይጠቅምም። የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ሆሄያት ቢኖሩትም፣ እያንዳንዱ ሆሄ ባለበት ሁሉ ድምፁ ባመዛኙ ያው ስለሆነ፣ የንባብ ችግር ያለበት ልጅ እንኳ ከጊዜ በኋላ ፊደሉን ለይቶ ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ችግሩ በስህተት ብዛት ሳይሆን በዝግታና በድካም ይገለጣል፤ መምህሩም «ያነባል» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ የሚጨመር አንድ የቋንቋችን ጠባይ አለ፤ ጽሑፋችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ይበላል» የሚለው በልቶ የሚጠግበውም ሊሆን ይችላል፣ የሚበላው ምግብም ሊሆን ይችላል፤ «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋውም ነው፣ ጠባብ ያልሆነውም ነው። ፈጣን አንባቢ ዓይኑ ወደ ፊት ቀድሞ ዐረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚያይ ሳያስበው በትክክል ያጠብቃል፣ ያላላል። በሆሄ በሆሄ የሚሄደው ልጅ ግን ቃሉ ላይ ሲደርስ መጪውን ገና አላየም፤ አላልቶ ያነበዋል፣ ትርጉሙ ይበላሻል፣ ተመልሶ ይጀምራል። ልጅዎ ሲያነብ እየተመላለሰ ከሆነ ስንፍና አይደለም፤ ከማንኛውም የክፍል ጓደኛው የበለጠ እየሠራ ነው፤ የራስ ምታቱም ከዚሁ ድካም ሊመጣ ይችላል።

ከከተማው ዳርቻ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ተማሪ ላንሣ። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ «ተመራማሪዎቹ» የሚለውን «ተማሪዎቹ» ብሎ አነበበ፤ ሁለት መስመር ወርዶ ነገሩ አልገጥም ሲለው ቆመ፣ ጣቱን መለሰ፣ አሁንም «ተማሪዎቹ» አለ። የቃሉን መጀመሪያና መጨረሻ ይዞ መካከሉን በግምት መሙላቱ ነበር። ይኸው ልጅ የማንበብ ተራው ሲቃረብ ሁልጊዜ ሰሌዳ ለማጥፋት እጁን እንደሚያወጣ መምህርቷ የነገረችኝ እንደ መልካም ጠባዩ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ተራው ደርሶ አያውቅም።

ለምን እስከ 8ኛ ክፍል ተደብቆ ቆየ ለሚለው መልሱ ከባድ አይደለም። በታችኛው ክፍል የሚነበበው አጭር ነው፣ ቋንቋውም የአፍ መፍቻው ነው፤ ብልህ ልጅ በጆሮው ሰምቶ፣ በማስታወስ ችሎታው ይሻገራል። በሁለተኛ ደረጃ ከአማርኛና ከመሳሰሉት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ድምፁና አጻጻፉ የማይስማማ፣ «ናይፍ» ለማለት የማትነበብ ኬ የሚያስጽፍ ቋንቋ ነው። በዚያ ላይ በየክፍለ ጊዜው ሌላ መምህር ይገባል፤ የፊዚክሱ መምህር በፊዚክስ የደከመ ልጅ ያያል፣ የታሪኩም በታሪክ የደከመ፤ ልጁን በሙሉ የሚያየው መምህር የለም። ይህ ለእኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ትልቁ ክፍተት ነው፤ ከዚህ በታች የምመክርዎትም ይህንኑ ለመድፈን ነው።

መምህሩ ስለ ልዩ ትምህርት ቤት የሰጡት ሐሳብ ከመልካም ልብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ግን ትክክል አይደለም። ልዩ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት ብሬል ወይም የምልክት ቋንቋ ለሚያስፈልጋቸውና ከፍተኛ ድጋፍ ለሚሹ ልጆች ነው፤ በሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች እንኳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚከታተሉት ከዓይናማ እኩዮቻቸው ጋር በመደበኛ ትምህርት ቤት ነው። በቃል የሚያውቅን፣ ንባብ ብቻ የሚያስቸግረውን ልጅ ወደዚያ መላክ ቦታውንም ልጁንም ይጎዳል። አገራችን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የእነዚህ ሁሉ መሠረተ ሐሳብ አካቶ ትምህርት ነው፤ ይኸውም ድጋፉ ልጁ ወዳለበት ክፍል ይመጣል እንጂ ልጁ ድጋፍ ፍለጋ ከክፍሉ አይባረርም የሚል ነው። ስለዚህ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሲሄዱ ውለታ እንደሚለምን ሰው አይሂዱ።

ክፍል መድገምን በሚመለከት፣ ያው መጽሐፍ በዚያው መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ቢሰጠው የሚለወጠው የልጁ ዕድሜና ኀፍረቱ ብቻ ነው። በዓመቱ መጨረሻ አማካይ ውጤቱ አልሞላ ብሎ በደንቡ መሠረት እንዲደግም ከተወሰነ ግን የዓለም ፍጻሜ አይደለም፤ ያኔ ድጋፉ ተቀይሮ፣ በተጻፈ ዕቅድ እንዲደግም አጥብቀው ይጠይቁ። ጸበሉን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፦ እምነትዎ ነውና መውሰድ ይችላሉ፤ የዓይንና የጆሮ ምርመራውን ግን አያስቀርበት፣ ልጁም «እርኩስ መንፈስ ስላለብኝ ነው የማላነበው» ብሎ እንዳያምን ይጠንቀቁ።

አሁን ወደሚደረገው ልለፍ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የዓይንና የጆሮ ምርመራውን ይጨርሱ፤ የቤቱንም የንባብ ሙከራ ያድርጉና ያዩትን በቀን በቀን በደብተር ይጻፉ። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ማመልከቻ ያስገቡ፤ በቃል የተነገረ ነገር መምህር ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ልጁ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያስቸግረው፣ የሐኪም ወረቀቱ፣ በመጨረሻም የክፍል ኃላፊው፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራኑ፣ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ካለ እሱም የሚገኙበት ስብሰባ ጥያቄ። ትምህርት ቤቱ ባለሙያ ከሌለው በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲጠየቅ፣ በአቅራቢያ የድጋፍ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት ካለም እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ።

በስብሰባው ላይ የሚጠይቁት ብዙ ሊሆን አይገባም፤ መምህራን በሞላ ክፍል የሚለፉ ሰዎች ናቸውና አሥር ነገር ከጠየቋቸው አንዱንም አያደርጉም። እኔ ብሆን የምጠይቀው አራት ነገር ነው። ሳይነገረውና ሳይዘጋጅ በክፍል ፊት ድምፁን አውጥቶ እንዲያነብ አይታዘዝ። ትምህርት ቤቱ ራሱ በሚያወጣው ፈተና ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጠው ወይም ጥያቄው ይነበብለት፤ በባዮሎጂና በመሳሰሉት ደግሞ ሐሳቡ እስካለ ድረስ ለሆሄ ስህተት ነጥብ አይቀነስበት። ከሰሌዳ መገልበጥ አንዱ መከራው ስለሆነ የጓደኛውን ደብተር ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይፈቀድለት። የክፍል ኃላፊው ደግሞ በወር አንድ ጊዜ የሌሎቹን መምህራን አስተያየት ሰብስበው በአንድ ወረቀት ያሳዩዎት። ከአራቱ ሁለቱን ብቻ እንኳ ቢያገኙ ሁለተኛውና አራተኛው እንዳያመልጥዎት፤ የመጀመሪያው ለልጁ መንፈስ እረፍት ቢሆንም ባይገኝ ሊታገሡት ይችላሉ።

ቤት ውስጥ በየቀኑ 20 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ያልበለጠ፣ አብራችሁ አንብቡ። መጀመሪያ እርስዎ ወይም ታላቅ እህት ወንድሙ አንቀጹን ያንብቡለት፤ ቀጥሎ አብራችሁ በአንድ ድምፅ፤ በመጨረሻ እሱ ብቻውን። ይኸው አንቀጽ ለሦስትና ለአራት ቀን ይደጋገም፤ ንባብ የሚፈጥነው አዲስ ገጽ በመቁጠር ሳይሆን የታወቀውን በመደጋገም ነው። ረጃጅም ቃላትን ከሥራቸው እንዲበታትን ያለማምዱት፦ «ተመራማሪዎቹ» ውስጥ «መረመረ» እንዳለ ያየ ልጅ መካከሉን በግምት አይዘልም። ለእንግሊዝኛው ደግሞ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት አሥር ያህል ቁልፍ ቃላት ከነትርጉማቸው በቃል ይወቅ። የተማሪ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ስለሚሰራጩ ስልኩ ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብለት ማድረግ ይቻላል፤ ገጹ በፎቶ የተነሣ ከሆነ ግን ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ ያስፈልጋል። አስጠኚ ከቀጠሩም ተጨማሪ የቤት ሥራ የሚከምር ሳይሆን ይህንኑ የሚያደርግ ይሁን።

የዚህ ሁሉ ገደብ የት ድረስ እንደሆነ መደበቅ አይገባኝም። በአማርኛ ተመዝኖ የተዘጋጀ የንባብ መመርመሪያና እሱን የሚያካሂድ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ «ዲስሌክሲያ» የሚል የተረጋገጠ ወረቀት ለማግኘት ብዙ ከመንከራተትዎ በፊት ድጋፉን ይጀምሩ፤ ድጋፉ ስም አይጠብቅም። ንባቡ ይሻሻላል፤ ፍጥነቱ ግን የእኩዮቹን ላይደርስ ይችላል፣ መሻሻሉም በሳምንታት ሳይሆን በወራት የሚለካ ነው። ትምህርት ቤቱ በራሱ ፈተና የሚያደርግለት ማመቻቸትም ወደ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንዲሁ አይሻገርም፤ ለዓይነ ስውራን ተፈታኞች የሚደረገው ዓይነት ዝግጅት ለንባብ ችግር የተለመደ አይደለም። ያኔ ለመጠየቅ እንኳ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተከማቸ የጽሑፍ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የማመልከቻዎን ግልባጭ፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤና የየወሩን ወረቀት በአንድ ፋይል ያኑሩ።

ስብሰባውን ከመጠየቅዎ በፊት ግን ልጁን ራሱን ያናግሩት፤ 15 ዓመቱ ነው፣ ስለ እሱ ያለ እሱ ሊወሰን አይገባም። «ማንበቡ እንደሚከብድህ አይቻለሁ፤ ሰነፍ ስለሆንክ እንዳልሆነም አውቄአለሁ» ይበሉትና ከአራቱ ጥያቄዎች የትኛውን እንደሚፈልግ፣ የትኛው በጓደኞቹ ፊት እንደሚያሳፍረው ይጠይቁት። የሚያሳፍረውን ከማመልከቻው ያውጡት። አባቱም በዚያ ንግግር ላይ ቢገኝ ይመረጣል።